ልጄ አፉን አልፈታም፦ አዲስ አበባ ከመሄድዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ልጅዎ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አይናገርም፣ ሲጠሩትም ዞር አይልም። ማታ ሲተኛልዎ ስልክዎን ከፍተው ሦስተኛው ቪዲዮ ሳያልቅ «ኦቲዝም ነው» ብለው ደምድመዋል። ሲነጋ አንዷ ጎረቤት «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ተዪው» ትላለች፤ ሌላዋ «ምን ትጠብቂያለሽ? አዲስ አበባ ውሰጂው!» አዲስ አበባ ከምንኖርባት ድሬዳዋ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ትኬቱ፣ ማደሪያው፣ ከሥራ የቀሩበት ቀን ሲደመር ኪስ ያራቁታል። እዚሁ የሚያልቀውን እዚሁ ይጨርሱ።

መጀመሪያ ጆሮውን። በደንብ የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት አይዞርም፣ አይናገርምም። «በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ ይሰማል» ብለው አይለፉት፤ የበሩን ድምፅ እየሰማ «ሰ» እና «ፈ» የሚያመልጡት ልጅ አለ። ድል ጮራም ሆነ ሳቢያን ሆስፒታል ሲሄዱ የመስማት ምርመራ ይጠይቁ። እዚህ ካልተገኘ ሪፈሩ ላይ በግልጽ ይጻፍልዎ።

ከዚያ የእኛ ከተማ ዋና ሰበብ ይመጣል፦ ቋንቋ። አባት ኦሮምኛ፣ እናት አማርኛ፣ አያት ሶማልኛ፤ ሰፈሩ ደግሞ ሦስቱንም እያቀላቀለ ያወራል። «ቋንቋ በዝቶበት ነው» ይባላል፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲለውም ሰምቻለሁ። ጥናቶች ግን ይህን አይደግፉም። ብዙ ቋንቋ መስማት ልጅን ኦቲስቲክ አያደርግም፣ የንግግር ችግርም አያመጣም። ሲቆጥሩለት የሁሉንም ቋንቋ ቃላት ይደምሩ፤ «ቢሻን» ካለና «እማ» ካለ ሁለት ቃል አለው። ሁሉም ተደምሮ በ16 ወሩ አንድም ቃል ከሌለው፣ ወይም በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገጣጥም ከሆነ ይመርመር። የነበረውን ቃል ካጣ ግን ዕድሜው ስንትም ይሁን ነገ ዛሬ አይበሉ። አያቱንም በሶማልኛ አያናግሩት ብለው አያስቀይሟቸው።

ሐኪሙ ልጅዎን የሚያየው ለደቂቃዎች ነው፤ ያውም ልጁ ሰው ፈርቶ ሲያለቅስ። አንዲት እናት ወረፋ ስንጠብቅ ደብተሯን አሳይታኝ ነበር። በእያንዳንዱ ቀን ሥር አንድ መስመር፦ «ባጃጅ ሲያልፍ ጆሮውን ያዘ።» «ስሙን አራቴ ጠራሁት፣ አልዞረም።» «የጠርሙስ ክዳን ደረደረ፣ ስነካበት ጮኸ።» ስልኳ ላይም ልጁ ቤት ውስጥ ሲጫወት የቀረጸችው አጭር ቪዲዮ ነበር። እንዲህ መዝግቦ መሄድ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ከማፍጠጥ ይበልጣል።

ኦቲዝም በደም ምርመራም በኤምአርአይም አይለይም፤ የሚለየው የሠለጠነ ባለሙያ ልጁን ተመልክቶ፣ ወላጅንም ጠይቆ ነው። ውድ ምርመራ ሲታዘዝልዎ «ምን ለማወቅ ነው?» ብለው መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ሌላ ነገር ለማጣራት ሊሆን ይችላል። ኦቲዝምን ሙሉ በሙሉ አድናለሁ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅን ግን አይመኑት፣ ስቴም ሴል ቢለውም። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለውን ወሬም እንዲሁ፦ በ1998 (እ.ኤ.አ.) አንድ የእንግሊዝ ሐኪም 12 ሕፃናትን ይዞ የጻፈው ነው፤ ያወጣው መጽሔት በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፣ ሐኪሙም ፈቃዱን ተነጥቋል።

ጠበል ይጠመቅ፣ ዱዓም ይደረግለት። የሚጥል በሽታም ኖሮበት መድኃኒት የጀመረ ልጅ ግን አንድ ቀንም አያቋርጥ፤ በድንገት ሲቆም የሚመጣው መንዘፍዘፍ ሊገድል ይችላል።

በእንግሊዝኛ የሚያነቡት አብዛኛው እዚህ ስለሌለ ሕክምና የተጻፈ ነው። እኔ የምመርጠው የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ለሚያንስባቸው አገሮች ያዘጋጀውን የወላጆች ሥልጠና ነው፦ በጨዋታና በዕለት ሥራ መሐል ልጅን ማነጋገር። አዲስ አበባም ገጠርም በአማርኛ ተሞክሯል። በአገራችን ለኦቲዝም ድጋፍ መንገድ የጠረጉትም ወላጅ ናቸው፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በ2002 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋሙት የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስላለበት ነበር።

ጉዞው የግድ ከሆነ አስቀድመው ደውለው ቀጠሮ ያረጋግጡ። ሪፈሩንና የምርመራ ውጤቱን ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። ደብተሩን እንዳይረሱ።