ከስካር ለመላቀቅ ብቻህን አትታገል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዐቢይ ጾም አረቄን እርም ብሎ 55ቱን ቀን የሚሰነብት ሰው ጥቂት አይደለም። የትንሣኤ ዕለት ግን «ለዛሬ ብቻ» ይልና አንድ መለኪያ ይቀምሳል። በዳግም ትንሣኤ የድሮ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ታዲያ ጾሙ ከንቱ ነበር? አይደለም። መተው እንደሚቻል 55 ቀን ሙሉ በራሱ አይቶታል። የጎደለው ከበዓሉ በኋላ አብሮት የሚቆም ሰው ነው። ይህ ትምህርት ያንን ሰው እንዴት እንደምታገኝ ያመለክትሃል። እኅቴ ሆይ፣ በጓዳ ተደብቀሽ የምትጠጪም ብትሆኚ ቃሉ ለአንቺም ነው።

1. አስቀድመህ ሐኪም አማክር

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ይታወካል። በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ከመጣ ለሞት ያሰጋል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ጋኔን ነው» ብሎ ቤት ውስጥ ያሳድረዋል። ጠበሉን ማንም አይከለክልህም፤ ሕክምናውን ግን አታዘግይ። ሐኪም የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሰጥቶ እነዚያን ቀናት በደኅና ያሻግርሃል። በደብረ ማርቆስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ገጠር ያለህ ከጤና ጣቢያ ጀምር።

2. ለአንድ ሰው ተናገር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም ቀድሞ ሽፍታ ነበር። ከመነኮሰ በኋላም የድሮው ልማድ ሲያስጨንቀው በበአቱ ተደብቆ አልቀረም፤ ወደ አባ ኤስድሮስ እየሄደ ፈተናውን ይነግረው ነበር። አንተም ለንስሐ አባትህ ንገር። «አንዳንዴ እጠጣለሁ» ብለህ አታለባብሰው፤ ስንት መለኪያ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከማን ጋር እንደሆነ ተናገር።

3. እንዳንተ የተፈተኑትን ፈልግ

በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አክሮን በምትባል ከተማ ቢል ዊልሰን የተባለ ሰው ለሥራ ሄዶ ሳለ ያረፈበት ሆቴል መጠጥ ቤት ሊስበው ጀመረ። መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ያን ጊዜ የፈለገው መካሪ አልነበረም፤ እንደ እርሱ በመጠጥ የተጎዳ ሰው ነበር። ዶክተር ቦብ ስሚዝ የሚባል ሐኪም አገኘና ተጨዋወቱ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያለው አልኮሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር የተጀመረው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። ለመግባት ክፍያ የለውም፤ የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው።

አንተም ሆስፒታል ስትሄድ ባለሙያውን «እንደ እኔ ያቆሙ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ አለ ወይ?» በለው። የንስሐ አባትህንም «ለመተው የሚታገል ሌላ ልጅ ካለዎት፣ ፈቃዱን ጠይቀው ያገናኙን» በላቸው።

4. ካጣህ ጀምረው

ማኅበር ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሙሴ ይሾማል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ጽዋ በተራ ይዞራል። ችግሩ ለሚታገል ሰው የማኅበሩ ጠላ ራሱ ወጥመድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጀምሩ፤ ጠላው ቀርቶ ያልፈላ ብርዝ ወይም ሻይ ይቅረብ። ወር ለጀማሪ ይረዝማል፤ በየሳምንቱ ተገናኙ። ሰዓቱን ሰው ከገበያ ወጥቶ አረቄ ቤት በሚገባበት ሰዓት አድርጉት። ቦታውም መንገዱ በአረቄ ቤት ደጅ የማያልፍ ይሁን።

ሥርዓቱ አራት ነው፦
ሀ. አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጥ፤ አይፍረድ፣ አያቋርጥ።
ለ. እዚያ የተነገረ ከዚያ አይውጣ። በትንሽ ከተማ አንድ ወሬ ማኅበሩን ያፈርሳል።
ሐ. ጠጥቶ የመጣ አይባረር፤ ነገር ግን የዚያን ቀን ያዳምጥ፣ አይናገር።
መ. ሳትለያዩ እያንዳንዱ ሲፈተን በሌሊትም ቢሆን የሚደውልለትን ሰው ይወስን።

5. ብትወድቅ ተመለስ

ሰይጣን ከመጀመሪያው መለኪያ በኋላ የሚያመጣው ሐሳብ «አሁንማ ምን ፊት ይዘህ ትሄዳለህ?» የሚል ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን በመክብብ 4፥10 እንዳስተማረን፣ ከባልንጀራው ጋር ያለ ሰው ቢወድቅ የሚያነሣው አለው፤ ብቻውን ያለው ግን ወዮለት። ስለዚህ በወደቅህበት ሳምንት ከማኅበሩ አትቅር። ከሁሉም ይልቅ መሄድ የሚገባህ ያን ሳምንት ነው።

ወንድሜ፣ ፋሲካ እስኪደርስ አትጠብቅ። ለበዓሉ ዕለት ከማን ጋር እንደምትፈታ፣ ማን ቤት እንደምትውል ዛሬ ወስን። ሚስትህና ልጆችህም በዚያ ቀን በር በሩን ሲያዩ አይዋሉ።

ለመወያየት፦
— ስለ መጠጤ እውነቱን የምነግረው አንድ ሰው ማን ነው?
— በማኅበራችን ላልጠጣ ለሚል ሰው ምን እናቀርባለን? «ቅመስ እንጂ» እያልን እናስጨንቀዋለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።