መለያ ወረቀቱ ላይ የሌለው ስም

የዕፅዋት ሳይንስ የምታጠና የአምቦ ተማሪ፣ በዚሁ ሙያ ሲያስተምሩ ከኖሩ አዛውንት ጋር ያደረገችው ምልልስ

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ስለ ጥንቶቹ ዕፅዋት ሰብሳቢዎች ሳነብ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ድካማቸውና ጽናታቸው ይደንቀኛል፤ የእኛን ቅጠል ለቅመው በራሳቸው ሰዎች ስም መጥራታቸው ደግሞ ያንገበግበኛል። የቱን ልያዝ?

አዛውንቱ፦ ሁለቱንም ለጊዜው አቆዪና ናሙናው የተለጠፈበትን ወረቀት እዪ፤ ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልሽ። ሰብሳቢ የሚልከው ሁለት ነገር ነው፦ ተጭኖ የደረቀ ተክልና ስለ ተክሉ የተጻፈ ቃል። ኮሶን ውሰጂ። ዛፉ ላይ ሳለ የሴቴዋ አበባ ቀላ ብሎ በትልልቅ ዘለላ ይንጠለጠላል። ወረቀት ላይ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ሽታውም ይጠፋል፤ የሚቀርልሽ የቅጠሉ ጥርስ፣ ጸጉሩና የአበባው አሠራር ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ አበባ መሆኑን፣ ሲከርም ኃይሉ እንደሚደክም፣ መጠኑ ካለፈም ጠጪውን እንደሚጎዳ ያ ወረቀት አይነግርሽም። ይህን የሚያውቀው ሰው ነው። እኔም ሰብሳቢን የምመዝነው በለቀመው ቅጠል ብዛት ሳይሆን፣ ከባላገሩ ሰምቶ በጻፈው ቃል ነው።

ተማሪዋ፦ ስሙንስ? ኮሶ እኮ በሳይንሱ ሀገኒያ ነው የሚባለው።

አዛውንቱ፦ የኮሶ ስም ታሪክ ረጅም ነው። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተመልሶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በለንደኑ የዕፅዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ አለው። ያ ስም ቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ስለነበር፣ በ1791 ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ በኮኒግስበርጉ መድኃኒት ቀማሚ በሃገን ስም ለወጠው። ኋላ ደግሞ ኩንት የተባለ ሊቅ፣ መድኃኒቱን ቁስጥንጥንያ ላይ ባወቀው ሐኪም በብራዬ ስም ብራዬራ ብሎት ነበር። ስማቸው ከተሰጠው ከሦስቱ፣ ከባንክስ፣ ከሃገንና ከብራዬ፣ አንዳቸውም ኮሶን በበቀለበት ደጋ አላዩትም። ኑግም እንዲሁ ነው፤ በመስከረም ማሳውን ሁሉ ቢጫ የሚያለብሰው ኑግ በፈረንሳዊው ፖለቲከኛ በጊዞ ስም ጊዞቲያ ተብሏል። ጤፍ ግን በ1775 ዙካኚ የተባለ ጣሊያናዊ ሲሰይመው ያገሩ ስም ገባለት፤ እስከ ዛሬም ከሳይንሳዊ ስሙ አልወጣም። እንሰትም ስሙን ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ ያገሩን ስም ማቆየት የማይቻል ነገር አልነበረም።

ተማሪዋ፦ ስም አድራሻ ነው ብለው ነው የሚያስተምሩን። ብራዚልና ጃፓን ያሉ ተመራማሪዎች ስለ አንድ ተክል ሲጻጻፉ እንዳይደናገሩ የተበጀ ነው እንጂ ለማንም ክብር አይደለም ይላሉ።

አዛውንቱ፦ እውነት ነው፣ ስሙ ይለወጥ አልልም። የእኔ ነገር ከስሙ በታች ካለው ጽሑፍ ጋር ነው። ጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ትግራይ ገባ፤ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት አርባ ዓመት ያህል ኖረ። የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ እንትጮን እንዲያስተዳድር ሾመውታል፤ ከአገሬው ሰው አግብቶ ወልዷል፤ ቴዎድሮስ በወደቁበት በ1868 መቅደላ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። የሰበሰባቸው ዕፅዋት ኤስሊንገን ከተማ ባለ ማኅበር በኩል ለገዢዎች ይታደሉ ነበር። አብሯቸው የሚሄደው የታተመ መለያ፣ ከአድዋ አጠገብ ካሉ ተራሮች ከማለት ብዙም አያልፍም። በእጁ የጻፋቸውና ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት ማስታወሻዎች ግን ያገሩን ስምና ሕዝቡ ተክሉን ለምን እንደሚጠቀምበት ይዘዋል። ጸሐፊው አንድ ሰው ነው! ገዢዎቹ የፈለጉት ቅጠሉን ስለነበር የታተመው ወረቀት ቅጠሉን ብቻ አወራ። ከእሱ ጋር ፈረንሳዮቹን ሰብሳቢዎች ካርቲን ዲዮንንና ፔቲን አስተያዪ። አንዱ በንዳድ ሞተ፤ ፔቲን በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። ሪሻር የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ፓሪስ ተቀምጦ ከስብስባቸው ትልቅ መጽሐፍ አወጣ፤ ነገር ግን ሰምተው ያልጻፉትን ማንን ይጠይቅ? አብሯቸው ተቀበረ።

ተማሪዋ፦ ያም ሆኖ ወስደውታል፤ ለእኛ የቀረ ወረቀት የለም።

አዛውንቱ፦ ቁጭትሽ ቁጭቴ ነው። ብሔራዊው ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻው፣ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው በ1959 ነው፤ ያን ያህል ዘመን የገዛ ተክላችንን ለማየት ባሕር መሻገር ነበረብን። ይሁን እንጂ የበርሊኑ ስብስብ በ1943 በቦምብ ሲቃጠል የሺምፐርም ወረቀቶች ብዙ ነደዋል። ቅጂዎቹ በየከተማው ስለተበተኑ ግን ዛሬም ማየት ይቻላል። በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተባለው የዕፅዋት መጽሐፍ የሺምፐርን ናሙናዎች ደጋግሞ ይጠቅሳል። ቅጠልስ በቅጂ ይተርፋል፤ ነጋሪው ያልተጻፈለት ዕውቀት ግን ቅጂ የለውም።

ተማሪዋ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን ለልጁ እንጂ ለባዳ አይገልጥም፤ ከተነገረ ኃይሉን ያጣል ይባላል። ጽፎ ማውጣት ለሌባ በር መክፈት አይሆንም?

አዛውንቱ፦ ካነሳሻቸው ሁሉ የከበደው ይሄ ነው። ምስጢር ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ሳያወርስ ከሞተ ግን ለማንም ሳይሆን ይቀራል። የጤፍን ነገር አስቢ። በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ፓተንት አውጥቶ ነበር፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ ጣለው። አንድ ነገር ቀድሞ የታወቀ መሆኑን ፍርድ ቤት የምታስረጂው ደግሞ በተጻፈና ቀን ባለው ማስረጃ ነው። ሕጉም አለን፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የማኅበረሰብን ዕውቀት መውሰድ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ባለቤቶቹን ያስፈቅድ ይላል። መጻፍና መግለጥ አንድ አይደሉም፤ የተጻፈ ሁሉ ለሁሉ አይከፈትም።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው ነገ ከደንዲ ተራራ የኮሶ ቅርንጫፍ ባመጣ መለያው ላይ ምን ልጻፍ?

አዛውንቱ፦ ቀኑን፣ ከፍታውን፣ ወንዴ ይሁን ሴቴ። ሀገኒያ ብለሽ ከሥሩ በኦሮምኛ ሄጦ፣ በአማርኛ ኮሶ ብለሽ ጻፊ። ከዚያ የነገሩሽን እናት ስም፣ ከፈቀዱ ብቻ። እንዴት እንደሚወቀጥ ነግረውሽ መጠኑን ከደበቁሽ፣ መጠኑን ለመናገር አልፈለጉም ብለሽ እሱንም ጻፊው፤ ቦታውን ባዶ አትተዪው።