«አባቱም እንዲሁ ነበር» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ስሙን ስጠራው ዞር አይልም፤ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲሰማ ግን ከጓዳ ሮጦ ይመጣል። ውኃ ሲፈልግ እጄን ይጎትታል እንጂ በጣቱ አያመለክትም። «እማ» ይል ነበር፤ አሁን ትቶታል። አማቴ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ሥራ ስለምውል ነው ይላል። ልጠብቅ?
ጭንቅ የያዛት እናት፣ ከጎፋ

መልስ፦ እህቴ፣ አትጠብቂ። አማትሽ እውነት አላቸው፤ ዘግይተው አፋቸውን የሚፈቱ ልጆች አሉ። እነሱ ግን ባይናገሩም አብዛኛውን ጊዜ በጣት ያመለክታሉ፤ ያገኙትን አምጥተው ያሳያሉ። እኔን ያሳሰበኝ አለማመልከቱና የነበረው ቃል መጥፋቱ ነው። ኦቲዝም ነው ማለቴ አይደለም፤ ያንን በደብዳቤ ማወቅ አይቻልም። «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ የሚመልስሽ ሐኪም ካጋጠመሽ ግን ሌላ ጋ ውሰጂው።

መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ለማስታወቂያው መሮጡ በደንብ ለመስማቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ አንዱን ድምፅ ሰምተው ሌላው የሚያመልጣቸው ልጆች አሉ። ከዚያ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሄደሽ የልጆችን እድገት ወደሚከታተል ክፍል እንዲጽፍልሽ ጠይቂ።

ወረፋው ቢረዝም እንኳ ቤት ውስጥ ዛሬውኑ ጀምሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀውና አዲስ አበባም ውስጥ የተሞከረው ሥልጠና የምርመራ ውጤት እስኪመጣ አያስጠብቅም፤ የሚያስተምረውም በጨዋታና በዕለት ተዕለት ሥራ መሀል ነው። ቴሌቪዥኑን ዝጊው። ለምሳሌ ክዳን ሲደረድር ካየሽው መሬት ላይ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለሽ አንቺም ደርድሪ፤ «ክዳን» በይና ዝም ብለሽ ጠብቂው። ውኃ ሲፈልግ ብርጭቆውን ከፍ አድርገሽ ትንሽ ቆዪ። ቀና ብሎ ካየሽ ወይም ድምፅ ካሰማ «ውኃ» ብለሽ ወዲያው ስጪው። ቃሉን ካላወጣ ብለሽ ግን በጥም እንዳታስጨንቂው።

ለባለቤትሽም ንገሪው፤ የልጁ ሁኔታ አንቺ ሥራ በመዋልሽ የሚመጣ ነገር አይደለም። ድሮ በውጭ አገር ስለ ኦቲዝም «ፍቅር የነፈገች እናት ናት ልጇን እንዲህ ያደረገችው» የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ አባባላቸው ውድቅ ከሆነ ቆይቷል፤ ጉዳቱ ግን የደረሰው በእናቶች ላይ ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ጆይና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከላት የተጀመሩት በወላጆች ነው፤ የአንቺን ጭንቀት ያውቁታል።

ለሐኪም ቀጠሮው ልጁ ቤት ውስጥ ሲጫወትና ስሙ ሲጠራ በስልክሽ ቅረጪው፤ እንግዳ ቦታ ሌላ ልጅ ሊመስል ይችላል። «እማ» ማለት ያቆመበትን ወርም ጽፈሽ ያዢ። ባለቤትሽም አብሮሽ ይሂድ።