ቪትዜ ቤንዚን አበዛች

ጥያቄ፦ ከሳሪስ ፒያሳ እመላለሳለሁ። ለሳምንት ይበቃኝ የነበረው ቤንዚን አሁን አራት ቀን አይሞላም። መኪናዋ ተበላሽታ ይሆን ወይስ መንገዱ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዋናው ተጠያቂ መንገዱ ይመስለኛል። መኪናዋ ቆማም ቢሆን ሞተሯ እስካልጠፋ ድረስ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ታቃጥላለች። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ቆም ነዳ ማለቱ ነው፤ በፍሬን የገደሉትን ፍጥነት በቤንዚን መልሰው ይገዙታል። ስለዚህ ከፊትዎ ያለው ታክሲ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ነዳጅ አይርገጡ፤ ክፍተት ትተው በዝግታ ይከተሉ። የጎማ ነፋስ ያስለኩ። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ወደ ፀሐይ ይያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ይቀየር።

እሁድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ይሞክሯት። ያኔም ካበዛች፣ ጥቁር ጭስ ካወጣች ወይም የሞተር መብራት ከበራ መካኒክ ያሳዩ። የቤንዚን ሽታ ካለ ግን አያስነሷት፤ መካኒኩን ካለችበት ይጥሩ።