የመስቀል ወፍ ወዴት ትሄዳለች?

ልጆች ሆይ፥ የጳጕሜን ዝናም አልፎ አዲሱ ዓመት በገባ ጊዜ ታላላቆች ወደ አጥሩ እያመለከቱ «እነሆ፥ የመስቀል ወፍ መጣች» ይላሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ትንሽ ልጅ «ያቺ ወፍ የት አለች?» ብሎ ቢጠይቅ «አገርዋ ገባች» ብለው ይመልሱለታል። አገርዋ ወዴት እንደ ሆነ ግን የሚነግረው የለም። አንዱ ቆላ ነው ይላል፤ ሌላው ባሕር ማዶ ነው ይላል፤ ሦስተኛውም «ወፍ የት እንደምትገባ ማን ያውቃል?» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ዛሬ የምናነበው ስለዚህች ወፍና እርስዋን ለማወቅ በጓሮ ተቀምጦ ስለ መመልከት ነው።

ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከየወገኑ የከበቡ ከተሞች ናቸው። ሰበታ ወደ ጅማ፥ ቡራዩ ወደ አምቦ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ወዲያ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር በሚባለው ከተማ ተጠቃለሉ። ቤቱ በየዓመቱ ቢበዛም በየጓሮው ጎመንና ጌሾ፥ በአጥሩም ሥር ያልታጨደ ሣር አሁንም አይጠፋም። የቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያደርሰዋል። ስለዚህ እንቍጣጣሽ በሆነ ጊዜ ክረምቱ ገና ፈጽሞ አልወጣም፤ ማለዳው ፀሐይ ሆኖ ከቀትር በኋላ ዝናም ይመጣል። ይህ ሰሞን ለሚመለከት ልጅ ከዓመቱ ሁሉ የተመረጠ ነው፤ አደይ አበባ ይፈነዳል፥ ንቡ ይበዛል፥ ሣሩም ከልጅ ቁመት በላይ ይሆናል።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ እንስጥ። የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም።

በሰኔ ወር በአጥራችሁ ላይ ድንቢጥ የመሰለች፥ ጀርባዋ እንደ ደረቀ ሣር ቡናማ ሆኖ ጥቍር መስመር ያለበት ወፍ አይታችሁ ይሆናል። ማንም ልብ ብሎ አይመለከታትም፤ በስምዋም የሚጠራት የለም። የመስቀል ወፍ ያቺው ናት። ክረምቱ ሲገባ ወንዱ አሮጌውን ላባ ጥቂት በጥቂት እያራገፈ አዲስ ያበቅላል። አስቀድሞ በራሱና በደረቱ ላይ ፍንጣቂ የመሰለ ቀለም ይታያል፤ በዚያ ሰሞን ያየው ሰው በብዙ እራፊ የተጣፈ ልብስ የለበሰ ይመስለዋል። ከሳምንታት በኋላ ግን ቡናማው ጠፍቶ እንደ ከሰል የጠቈረና እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነ፥ ወይም እንደ ፍም የቀላ ይሆናል። ለቢጫውና ለቀዩ ቀለም መነሻ የሚሆነው ነገር ከሚበላው ምግብ ይገኛል። በየአገሩ የመስቀል ወፍ ተብሎ የሚጠራው አንድ ዓይነት ወፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዘመዳሞች የሆኑ ብዙዎች ናቸው። አንዱ ቢጫና ጥቍር ነው፤ አንዱ ቀይና ጥቍር ነው፤ አንዱም ሁለመናው ጥቍር ሆኖ በአንገቱ ቀይ ማተብ ያሰረ ይመስላል፥ ጅራቱም ከሰውነቱ ይረዝማል።

ወንዱ ይህን ሁሉ የሚለብሰው ስለ ምንድር ነው? ሴቲቱን ለመጥራት ነው። ክረምት ሣሩ የሚያድግበት፥ ትሉና ፌንጣው የሚበዛበት፥ ለጫጩትም ምግብ የማይታጣበት ወራት ስለ ሆነ የሚራቡት በዚህ ጊዜ ነው። ወንዱ ላባውን ነፍቶ እንደ ኳስ ድቡልቡል ብሎ በሣሩ ላይ እየተንሳፈፈ ይበራል። ጎጆውን ከእርጥብ ሣር የሚጎነጕነው እርሱ ነው። ሴቲቱ ወድዳ ከገባችበት ውስጡን በለስላሳ ነገር ታነጥፈዋለች፤ እንቍላሉን ታቅፋ የምትፈለፍለው ግን እርስዋ ብቻ ናት። እርሱ ሌላ ጎጆ ጎንጕኖ ሌላ ሴት ሊጠራ ይሄዳል። በዚህ በኩል ጠባዩን አላመሰግንለትም። ሴቲቱ ልብስ አትለውጥም፤ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናት። በሣር ውስጥ ታቅፋ ስትቀመጥ ከጠላት ዓይን የሚሰውራት ይህ መልክዋ ነው። ጫጩቶቹ በርረው በጋው ከገባ በኋላ ወንዱም ያን ያማረ ላባ አራግፎ እንደ ቀድሞው ቡናማ ይሆናል፤ ከሴቶቹና ከልጆቹ ጋር መንጋ ሆኖ በየእርሻው ይሰማራል። ሰው «አገርዋ ገባች» የሚለው ይህን ነው።

እውነት አገር ጥሎ የሚሄድ ወፍ ግን አለ። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ከብቶች በተሰማሩበት መስክ፥ ደረትዋ ቢጫ የሆነ ቀጭን ወፍ ጅራትዋን ያለ ዕረፍት እየወዘወዘች በከብቶቹ እግር መካከል ዝንብ ስትለቅም ታያላችሁ። እርስዋ በአውሮፓና በእስያ ተፈልፍላ ብርዱን ሸሽታ የመጣች እንግዳ ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ አገርዋ ትመለሳለች። ሁለቱም ቢጫ የለበሱ ናቸው፤ ሁለቱም ክረምት ሲወጣ ይታያሉ፥ ኋላም ከዓይናችን ይጠፋሉ። ነገር ግን አንዲቱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ትበራለች፤ ሁለተኛይቱ ከእናንተ ቀበሌ አልራቀችም። በመስከረም አንድ ቀን ብቻ ተመልክቶ የተወ ሰው ይህን ሊለይ አይችልም፤ በአንድ ቦታ ከወር እስከ ወር መመልከት ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚረዳ መሣሪያ ዛሬ በብዙ ቤት ይገኛል፤ እርሱም ፎቶግራፍ የሚያነሣው የእጅ ስልክ ነው። አባታችሁን ወይም እናታችሁን አስፈቅዳችሁ በሳምንት አንድ ማለዳ ብትዋሱት ይበቃል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ወፎቹም ሌሊቱን ሳይበሉ ስላደሩ ለመብል ይወጣሉ። ፀሐይዋን ከኋላችሁ አድርጉ፤ ፊት ለፊታችሁ ከሆነች ወፊቱ ጥቍር ጥላ ብቻ ሆና ትወጣለች። ወደ እርስዋ አትሩጡ፤ ሮጦ ወፍን የደረሰባት ልጅ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ይልቅስ አንድ ቦታ ምረጡ፥ ለምሳሌ የማድ ቤቱን መስኮት፤ በዚያ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን ትሸሻችኋለች፤ እየዋለ እያደረ ግን እንደ አጥሩ ጕቶ ትቈጥራችኋለች። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክንዳችሁን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፉ። የስልኩን ድምፅና ብልጭታ አጥፉ። የወፍ ድምፅ ከስልካቸው እያሰሙ ወንዱን የሚጠሩ ሰዎች አሉ። እርሱ ግን ባላጋራ የመጣበት መስሎት ሥራውን ትቶ ስለሚንከራተት ይህ ነገር ደስ አያሰኘኝም።

ፎቶግራፉ ደብዛዛ ቢሆን አትዘኑ፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። በደብተራችሁም «መስከረም 3፥ ጠዋት 1 ሰዓት ተኵል፥ ሰማዩ ጥርት ያለ፥ ከጌሾው አጠገብ፥ አንድ ወንድ፥ ራሱ ገና ግማሹ ቡናማ» ብላችሁ አስፍሩ። ተቀምጣችሁ ምንም ሳታዩ ብትመለሱ «አላየሁም» ብላችሁ ጻፉ። ብዙ ልጆች ባዶ ገጽ አፍረው ያላዩትን ይጨምራሉ፤ ወፊቱ ከየትኛው ሳምንት ጀምሮ እንደ ታጣች የሚያስታውቀው ግን ያ «አላየሁም» የሚለው ቃል ነው።

መመልከት የዓይን ሥራ ብቻ አይደለም። በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ፤ በዚያ የሚማር ልጅ ማለዳ በጣራው ላይ እየጮኸች የምታልፈውን፥ ረጅም ጠማማ መንቍር ያላትን ትልቅ ወፍ በድምፅዋ ለመለየት ብርሃን አያሻውም። እርስዋ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር አትገኝም፤ በእርጥብ መሬት መንቍርዋን እየሰካች ትል ትፈልጋለች። ከአደይ አበባው ላይ ንቡን፥ ከጎመኑ ሥር ቀንድ አውጣውን፥ ከቅርንጫፉ ላይ እስስቱን መመልከትም እንዲሁ መልካም ነው። እስስት ስለማይቸኵል ፎቶግራፍ ማንሣት ለሚጀምር ልጅ ከሁሉ ይቀላል።

አሁን በቡራዩ የሆነውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ከቤቱ በስተ ኋላ ባለው ረግረግ የመስቀል ወፍ ጎጆ አገኘ። ጎጆው በሣር ስለ ተሸፈነ ፎቶግራፉ አላምር አለው። ስለዚህ ፊት ለፊት ያለውን ሣር ነጭቶ፥ የቀረውንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ አስሮ አነሣው። ሥዕሉ እጅግ ያማረ ሆነ፤ ሦስቱ እንቍላሎች አንድ በአንድ ይቈጠሩ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት አምጥቶ ባሳየ ጊዜ ልጆቹ ሁሉ ተደነቁ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን «የኔታ፥ ሣሩን ማን ከፈተው?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ሄዶ ከሩቅ ቢመለከት እናቲቱ የለችም፤ ጎጆውም ባዶ ነበር። ቁራ ይሁን ድመት ይሁን እባብ ይሁን ያየ የለም። ልጁ ሥዕሉን ከስልኩ አላጠፋውም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለማንም ሲያሳየው አላየሁም።

ሣሩ ለዚያች ወፍ ጣራዋ ነው፥ ግድግዳዋም ነው። ከተከፈተ የቀትር ፀሐይና ዝናም እንቍላሉን ያገኘዋል፤ ከላይ የሚያንዣብበውም ሁሉ ያየዋል። ሰው ደጋግሞ የሚመላለስበት መንገድም ለድመት መሪ ይሆናል። ስለዚህ ጎጆ ያያችሁ እንደ ሆነ ከሩቅ ቁሙ፤ ሣር አትንኩ፥ ቅርንጫፍም አትቍረጡ፥ ፈጥናችሁም ተመለሱ። ወንጭፍ የሚወረውረውን ልጅ ሁሉ ይገሥጸዋል፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣውን ግን ማንም አይገሥጸውምና እርሱ ራሱን መጠበቅ አለበት።

«ወፍ አዝመራ ትበላ የለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፥ ትበላለች። እሸት በደረሰ ጊዜ በማማ ላይ ወጥቶ እየጮኸ ወፍ የሚጠብቅ ገበሬ ድካሙ እውነት ነው፤ ከእርሻው ማባረሩም የሚገባ ነው። ጎጆ ማፍረስ ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ወፎች ጫጩቶቻቸውን ሲያሳድጉ ነፍሳትንም እየለቀሙ ያበሉአቸዋል።

በሱሉልታ ሜዳ ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። በክረምት ውሃ በሚተኛበት በዚያ ረግረግ ክንፍዋ ላይ ነጭ ያለባት፥ በሣር ውስጥ እንደ አይጥ እየሮጠች የምትሰወር ትንሽ ወፍ ታይታ ነበር። በዓለም ላይ ቍጥርዋ እጅግ ስላነሰ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2013 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መካከል ተቈጥራለች። ለብዙ ጊዜ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር መራባትዋ አይታወቅም ነበር። በደቡብ አፍሪካም ትታይ ነበር፤ ነገር ግን ጎጆዋን ያገኘ አልነበረም፤ ሰው ወደ ረግረጉ ሲገባ ትሰወራለችና። ኋላ ሊቃውንቱ ሚድልፑንት በሚባል ረግረግ ማንም ሳይቆምበት ራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ካሜራ አስቀምጠው ተመለሱ። ወፊቱም ጫጩቶችዋን አስከትላ በካሜራው ፊት አለፈች፤ ይህም ኋላ ታተመ። ሰው ዘወር ቢልላት ታየች።

ረግረግ በአፈር ተደልድሎ ቤት ሲሠራበት፥ ሣሩም ከመድረሱ በፊት ታጭዶ ሲያልቅ እንዲህ ያለችው ወፍ መግቢያ ታጣለች። ልጆች ሜዳውን ሁሉ ሊጠብቁ አይችሉም። በጓሮ ግን ከአጥሩ ሥር ሁለት ክንድ የሚሆን ሣር እስከ ኅዳር ሳይታጨድ እንዲቆይ አባታችሁን ብትለምኑ አይከለክሉአችሁም ይሆናል፤ ላም ያለው ቤት ግን ሊከለክል ይችላል፥ እርሱንም አልፈርድበትም።

በጥር ወር ሣሩ ደርቆ ሃያና ሠላሳ የሚሆኑ ቡናማ ወፎች በአጥሩ ላይ ተሰልፈው ታገኛላችሁ። የዚያን ጊዜ የሰኔን፥ የነሐሴን፥ የመስከረምንና የጥርን ፎቶግራፎች በተራ ደርድራችሁ ለቤተ ሰባችሁ አሳዩ። አያታችሁ መነጽራቸውን አድርገው «እንግዲያስ ከእነዚህ መካከል የመስቀሉ ወፍ የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቁአችሁ፥ በትከሻው ላይ የቀረች ቢጫ ላባ ያለችውን ወፍ ፈልጉ። አንዳንዱ ዓይነት እንዲህ ያለ ምልክት ያስቀራል። ካላገኛችሁ ግን ጣታችሁን ለመቀሰር አትቸኵሉ፤ በዚያ ወራት ወንዱን ከሴቲቱ መለየት መምህራኑንም ያስቸግራቸዋል።