አንዲት መኪና፣ ሁለት ዋጋ

ያገለገለ ኃይለኛ ሴዳን ገዝቶ በየቀኑ ለመንዳት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባ አንድ መሠረት አለ። እንዲህ ያለች መኪና ሁለት ዋጋ አላት። አንዱ ለሻጩ የሚከፈለው የመግዣ ዋጋ ነው። ሌላው መኪናዋ በእጃችን እስካለች ድረስ በየወሩና በየዓመቱ የምንከፍለው የማኖሪያ ዋጋ ነው። የመግዣው ዋጋ ከዓመት ዓመት ይወርዳል። የማኖሪያው ግን አይወርድም፤ መኪናዋ ባረጀች ቁጥር እንዲያውም ይጨምራል። የቀረው ትምህርት ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

የማኖሪያው ዋጋ ስለምን አይወርድም ቢሉ፣ የመለዋወጫን ዋጋ የሚወስነው መኪናዋ ስትሠራ የነበራት ማዕረግ እንጂ ዛሬ የተሸጠችበት ገንዘብ ስላልሆነ ነው። የንጉሥ ፈረስ በርካሽ ቢገኝም ገብሱን አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ትሸጥ የነበረችውን ቢኤምደብልዩ ኤም 5 ውሰዱ። ዛሬ ብዙዎቹ የዚያን ግማሽ እንኳ በማይሞላ ገንዘብ ይገኛሉ። የፍሬን ዲስኳ፣ ፍሪሲዮኗ፣ ጎማዋና የሞተር ክፍሎቿ ግን ዛሬም የ80 ሺህ ዶላር መኪና ዕቃዎች ናቸው። መካኒኩም ሰዓቱን የሚያስከፍለው በዚያው ሒሳብ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ሲያስተምር፣ ሰውየው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ፣ ጀምሮ መጨረስ አቅቶት መሳቂያ እንዳይሆን ያሳስባል። ለእኛም ጉዳይ ከዚህ የበለጠ መነሻ አላገኝም።

እንዲህ ዓይነቷ መኪና ከየት መጣች? መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1968 ለትልቁ የ600 ሊሙዚን የተሠራውን 6.3 ሊትር ሞተር በ300 ኤስኢኤል ላይ ገጠመ። ቢኤምደብልዩም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤም 1 ከምትባለው የስፖርት መኪናው የተወረሰ ሞተር በቤተሰብ ሴዳን ውስጥ አስገብቶ የመጀመሪያዋን ኤም 5 አወጣ። ሐሳቡ አራት በር፣ ለልጆች የሚበቃ የኋላ ወንበር፣ ሻንጣ የሚይዝ የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ከፊት ደግሞ የእሽቅድምድም ዝምድና ያለው ሞተር በአንድ ላይ ማድረግ ነበር። በየቀኑ ልትነዳ የምትችለውም ስለዚህ ነው፤ ጥንቱንም የተሠራችው ለዚሁ ነውና። የምንማረው ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በተመረተችው፣ ኢ 60 በምትባለው የኤም 5 ትውልድ ይሆናል። ከእርሷ የበለጠ ደስታዋም ጣጣዋም ግልጽ ሆኖ የሚታይ መኪና ጥቂት ነውና።

ይህች መኪና 5 ሊትር፣ 10 ሲሊንደር ሞተር አላት። ጉልበቷ በአሜሪካ አቆጣጠር 500 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ሞተሩም በደቂቃ እስከ 8,250 ዙር ይዞራል። ቱርቦ የላትም። ጉልበቷን የምታገኘው በፍጥነት በመዞር ነው፣ ጣጣዋም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ፒስተኖቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች ስስ በሆኑ ቤሪንጎች ላይ ይዞራሉ፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው አንድ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ለዚህ ሞተር የታዘዘው ዘይት 10 ደብልዩ 60 የሚባል ወፍራም ዘይት ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ይበልጥ ይወፍራል፣ ወደ ጠባቡ ክፍተትም እንደልቡ አይገባም። በዚያ ሰዓት ነዳጅ የሚረግጥ ሰው ቤሪንጉን እየበላው ነው። ቤሪንጉ ፈጽሞ ካለቀ ክራንክሻፍቱን ይዞ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ የሚቀየረው ሞተሩ ነው፣ የሞተሩም ዋጋ ከመኪናዋ መግዣ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መኪናዋን የሚያውቁ ሰዎች ቤሪንጉ እስኪጮህ አይጠብቁም፤ እንደ ፍሬን ሸራ ጊዜውን ጠብቆ የሚቀየር ዕቃ አድርገው ይቆጥሩታል። ሥራው ብዙ ሺህ ዶላር ይወስዳል።

ሌሎቹም ችግሮች የታወቁ ናቸው። የአየር ማስገቢያውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ሁለት የኤሌክትሪክ ክፍሎች አሉ፤ ሲያረጁ መኪናዋ ጉልበቷን ትቀንሳለች፣ የማስጠንቀቂያ መብራትም ይበራል። ቫኖስ የሚባለው፣ ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል ደግሞ በከፍተኛ የዘይት ግፊት የሚሠራ ስለሆነ መስመሩና ፓምፑ ክትትል ይፈልጋሉ። ኤስኤምጂ የሚባለው ባለ 7 ማርሽ ካምቢዮ ፍሪሲዮኑን በሃይድሮሊክ ፓምፕ ይረግጣል፤ ፓምፑ ሲደክም ማርሹ አይገባም። በከተማ ጭንቅንቅ ውስጥ ይህ ካምቢዮ እየጎተተና እየለቀቀ ያስቸግራል። በአሜሪካ ገበያ በእጅ የሚቀየር ባለ 6 ማርሽም ቀርቦ ነበር። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው እኔ የምመክረው እርሱን ነው።

ነዳጇን በተመለከተ የአውሮፓ ይፋዊ ልክ በ100 ኪሎ ሜትር 14.8 ሊትር ነው፤ ከተማ ውስጥ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ 70 ሊትር ስለሆነ ነዳጅ ማደያ ደጋግማችሁ ትሄዳላችሁ፣ የምትቀዱትም ሁልጊዜ ውዱን ቤንዚን ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለባት ለምን ትገዛለች የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቀልድ አናልፈውም። ሰው በእጅ ሥራ ይደሰታል። የማሽን ሥራም የእጅ ሥራ ነው፤ መሐንዲሶች ደክመው ያስተካከሉትን መሪ ይዞ፣ በ8 ሺህ ዙር ሳይንቀጠቀጥ የሚዘምር ሞተር ሰምቶ ደስ ቢለው ነውር የለበትም። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በፍራንክፈርት ሌት ተቀን ሠርቶ፣ ቤተሰቡን ረድቶ፣ ከዚያ በኋላ ለራሱ አንዲት የሚወዳት መኪና የሚፈልግ ወገናችን ምኞቱ ንጹሕ ነው። ስሕተት የሚሆነው የማኖሪያውን ዋጋ ከማይችልበት ኪስ ወይም ከሌላ ሰው ድርሻ ሲከፍል ነው።

እዚህ ላይ ስለ እቁብ እንናገር። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ መኪና የምንገዛው ዕጣ ሲወጣልን ነው። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ነገር ግን እስከ እቁቡ መጨረሻ ድረስ በየወሩ ይጥላል። ያንን ገንዘብ በሙሉ ለመኪናዋ ከሰጠ የማኖሪያው ዋጋ ገና ከሚጥለው እቁብ ጋር ተደራርቦ ይመጣበታል። ካምቢዮዋ በሦስተኛው ወር ቢበላሽ ወይ እቁቡን ያጓድላል፣ ወይ መኪናዋን ያቆማል፤ እቁብ ማጓደል ደግሞ ሌላውን አባል መጉዳት ነው። ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፦ ከእጃችሁ ካለው ገንዘብ ቢያንስ ሩቡን ሳትነኩ አስቀምጡ፣ በቀረው ግዙ። በእጃችሁ 24 ሺህ ዶላር ካለ የምትፈልጓት መኪና የ18 ሺህ ዶላር መኪና ናት። ከተቀመጠው ላይ በመጀመሪያው ዓመት ሳይነካ የሚተርፍ ብዙ አይሆንም፤ ሻጮች የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ትልቅ ወጪ ሲቃረብ ነውና።

ታክሲ ወይም ኡበር ለምትሠሩት ደግሞ እንጀራ የምታስገባው መኪናና ደስታ የምትሰጠው መኪና አንድ አይሁኑ። የመጀመሪያዋ በምንም ምክንያት መቆም የለባትም፤ ሁለተኛዋ ግን ጋራዥ ገብታ ለሳምንት ዕቃ የምትጠብቅበት ጊዜ ይመጣል። በየቀኑ መንዳት ስንል ወደ ሥራ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ገበያ ማለታችን ነው፤ የምትቆምበትም ቀን ሌላ መሄጃ ያለው ሰው ይያዛት። አገር ቤት ስመለስ ይዣት እገባለሁ የሚል ካለ፣ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን ይወቅ።

አሁን ወደ ፍተሻው እንምጣ። ከመኪናዋ በፊት የቀድሞ ባለቤቷን መርምሩ፤ የማኖሪያውን ዋጋ ከፍሏል ወይስ አልከፈለም? ጎማዎቿን ተመልከቱ። የዚህች መኪና ጎማ ከፊት 255፣ ከኋላ 285 ስፋት ያለው ባለ 19 ኢንች ነው፤ ውድ ነው። አራቱ ጎማዎች የአራት ፋብሪካ ከሆኑ፣ ወይም የማይታወቅ ርካሽ ጎማ ከተገጠመባት፣ ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮት ነበር ማለት ነው። በሚታየው ጎማ ላይ የቆጠበ ሰው በማይታየው ዘይት ላይም ይቆጥባል። ቀጥሎ ደረሰኝ ጠይቁ። ፋብሪካው በመጀመሪያዎቹ 1,200 ማይል ሞተሩ ሲላመድ እንዲደረግ ያዘዘው የዘይት ቅየራ አለ፤ ያ ተደርጎ እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ዘይቱ በየስንት ማይሉ ተቀየረ፣ ቤሪንጉ ተቀይሯል ወይ፣ ማን ሠራው? «ሁሉም ተሠርቷል» የሚል ቃል ያለ ደረሰኝ እንዳልተሠራ ቁጠሩት።

ለማየት ስትሄዱ መኪናዋን ሳያስነሡ እንዲጠብቋችሁ ንገሩ። እንደደረሳችሁም የሞተሩን ክዳን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ትኩስ ከሆነ ሻጩ አስቀድሞ አሙቋታል፣ የጠዋቱን ድምፅ ሊያሰማችሁ አልፈለገም። ሌላ ቀን ተመለሱ። ከዚያም በሻጩ ሳይሆን በእናንተ ምርጫ፣ ይህን ሞተር በሚያውቅ የግል ጋራዥ አስፈትሹ። የተጠራቀሙ የኮምፒዩተር ስሕተቶች ይነበቡ፣ የዘይት ናሙናም ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። በዘይቱ ውስጥ እርሳስና መዳብ በርክቶ ከተገኘ ቤሪንጉ እየተበላ ነው። የፍተሻው ወጪ ባለመግዛት ቢያልቅ እንኳ የጠፋ ገንዘብ አይደለም። ማይሏ ጥቂት የሆነችውንም ብቻ አታሳድዱ፤ ለዓመታት ቆማ የከረመች መኪና ጎሚኒዎቿ ይደርቃሉ፣ ባትሪዋ ይሞታል፣ ፈሳሾቿ ያረጃሉ። በመጠኑ እየተነዳች፣ እየተጠገነች የኖረችው ትሻላለች።

ገዝታችሁ ቤት ስታስገቧት የዕለቱ ሥርዓት ቀላል ነው፤ ማንም ሊጠብቀው ይችላል። በዙር መለኪያው ዳር ያሉት መብራቶች ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከተለመደው ዝቅ ካለ ዙር ጀምሮ ይበራሉ፤ ዘይቱ ሲሞቅ አንድ በአንድ እየጠፉ ወደ ላይ ይሸሻሉ። እነርሱ እስኪሸሹ ድረስ በለሆሳስ ንዱ። የውኃው ሙቀት ቀድሞ ቢደርስም ዘይቱ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። መኪናዋ ስትነሣ በራሷ 400 የፈረስ ጉልበት ብቻ ትለቃለች፤ ሙሉው የሚመጣው አዝራር ሲጫኑ ነው። ለሥራ መንገድ 400ውም ይተርፋል፣ አትጫኑት። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ጉዞ ብቻ ያላችሁ ሰዎች ግን ይህችን መኪና ባትገዙ እመርጣለሁ፤ ዘይቱ ሳይሞቅ እየቆመች እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ታጠራቅማለች። ፋብሪካው ከፈቀደው ርቀት ግማሹ ላይ ዘይት ቀይሩ። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የበጋ ጎማ ይደርቃል፣ መንገድ አይዝም፤ ለክረምት ሌላ ጎማ ይኑራችሁ።

ከኪሳችን ውጪ የሚከፈል ዋጋም አለ፤ እርሱን የሚከፍለው ባልንጀራችን ነው። ለምሳሌ በቨርጂኒያ ሕግ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ተራ ቅጣት ሳይሆን ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። ይህች መኪና 85 ማይልን የምታልፈው ገና በሦስተኛ ማርሽ ነው፤ ከውስጥ የተቀመጠ ሰው ፍጥነቱ አይሰማውም። ከሕጉም በፊት በዚያ መንገድ ላይ እናት ልጆቿን ጭና ትሄዳለች። ፍጥነቷን መቅመስ የሚፈልግ ሰው የእሽቅድምድም ሜዳ በሚከፈትበት ቀን ገንዘቡን ከፍሎ ይግባ፤ እዚያ ማንንም ሳይጎዳ መኪናዋ የተሠራችበትን ያያል።

ሒሳቡን ሠርታችሁ የማኖሪያው ዋጋ ከአቅማችሁ በላይ ሆኖ ካገኛችሁት ምኞታችሁ አልሞተም። ሌክሰስ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2014 አይኤስ ኤፍ የምትባል ሴዳን ሠርቷል። ሞተሯ 5 ሊትር፣ 8 ሲሊንደር፣ 416 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ካምቢዮዋ ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። እርሷም ውዱን ቤንዚን ትጠጣለች፣ የውኃ ፓምፗም ሊያፈስ ስለሚችል ይታይ። የኋላ ወንበሯ ጠባብ ነው፣ እንደ ኤም 5ዋም አትዘምርም። ነገር ግን የቶዮታ ቤት ልጅ ናት፤ ጠዋት ተነሥታ ወደ ሥራ የምታደርስ፣ የሚያውቃት መካኒክ የማይታጣላት መኪና ናት። አንዲት መኪና ብቻ ለሚኖረው ሰው የምመክረው ይህችኑ ሌክሰስ ነው።