የትምህርት ቤት የሙዚቃ ጓድ ተማሪ ምን ሊያውቅ ይገባዋል

የሙዚቃ ጓድ ማለት ብዙ ሰዎች ልዩ ልዩ መሣሪያ ይዘው አንድ ዜማ የሚያሰሙበት ማኅበር ነው። ብዙ ሰው ግን የጓዱ ዓላማ በበዓል ቀን በሰንደቅ ዓላማ ፊት ጥሩምባ መንፋት ብቻ ይመስለዋል። በዓልን ማድመቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ ከጥሩምባው ጋር አብሮ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ መምህር ልጆቹን ምንም ሳያስተምር ዘመኑ ያልፍበታል። በአጣዬ፥ በሸዋ ሮቢትና በመላው የይፋት ቆላ ይህ ጥበቃ ረዥም ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ብዙ ቤት የተቃጠለባት ከተማ ናትና፥ ከጣራና ከደብተር አስቀድሞ ጥሩምባ ይገዛ የሚል አይገኝም። ስለዚህ ተማሪው ሊደርስበት የሚገባውን ዕውቀት ከመሣሪያው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የነሐስ መሣሪያ በአገራችን የተስፋፋው ከዓድዋ ድል በኋላ የመስኮብ፥ ማለት የሩሲያ፥ ንጉሥ ለዳግማዊ ምኒልክ ከላከው ወዲህ ነው። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፥ ወላጆቻቸው በኦቶማን መንግሥት በተደረገው ዕልቂት የሞቱባቸውን 40 የአርመን ልጆች አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው የብሔራዊ መዝሙር ዜማ በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ተሰምቶ እስከ 1967 ዓ.ም. አገልግሏል። እነዚህ ልጆች ርስትም ዘመድም አልነበራቸውም፤ አብሮ መንፋትን ግን ያውቁ ነበርና፥ በማያውቁት አገር ያ ዕውቀት ሥራ ሆናቸው።

ተማሪው አስቀድሞ ምትን ይልመድ። መምህሩ እያራመደና እያስጨበጨበ 1፥ 2፥ 3፥ 4 ያስቈጥር። ከዚህም የሚከብደው ዝምታን መቍጠር ነው። ጥሩምባ ነፊ ተራው እስኪደርስ 16 ምት ዝም ብሎ ሊቈም ይችላል፤ በልቡ ካልቈጠረ ግን ገብቶ የሰውን ዜማ ያበላሻል። በማሕሌት መቋሚያው፥ ጸናጽሉና ከበሮው እንዴት አብረው እንደሚነሡና እንደሚወድቁ ያየ ልጅ፥ ወይም መንዙማ ሲባል በድቤና በጭብጨባ የተቀበለ ልጅ፥ ይህን ትምህርት እኩሌታውን ከቤቱ ይዞት መጥቷል። መምህሩ ይህን አይናቅ።

አብሮ ለመሥራት ከአገራችን መሣሪያ እንደ እምቢልታ ያለ አስተማሪ የለም። አንድ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይሆንም፤ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይሰጣልና። ርዝመቱ የተለያየ እምቢልታ የያዙ ሦስት ነፊዎች አንዱ በተወው ስፍራ ሌላው እየገባ ዜማውን ይሞላሉ። ይህንኑ ሥርዓት በሸምበቆ ማስተማር ይቻላል። ስፋታቸው እኩል የሆኑ አምስት ሸምበቆዎች ከአንድ በኩል አንጓው እንደ ደፈናቸው ይቈረጡ፤ የውስጣቸውም ርዝመት 30፥ 26.7፥ 24፥ 20 እና 18 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በክፍቱ አፍ ጠርዝ ላይ አግድም ሲነፉ ከትዝታ ቅኝት ዓይነቶች የአንዱን አምስት ድምፆች ይሰጣሉ። ምክንያቱም ቧንቧው ባጠረ ቍጥር በውስጡ ያለው አየር ፈጥኖ ስለሚንቀጠቀጥ ድምፁ ይቀጥናል፤ የ15 ሳንቲ ሜትሩ ከ30ው ጋር አንድ ድምፅ ሆኖ ከፍ ብሎ ይሰማል። ሲቈረጥ ጥቂት አስረዝሞ መቍረጥ፥ ኋላም በጆሮ እየፈረዱ መሞረድ ይገባል፤ ያጠረ ሸምበቆ አይቀጠልምና። አምስቱ ለአምስት ልጆች ይሰጡ፤ ማንም ሁለት አይያዝ። ከዚህ ወዲያ ስማቸው ከእኛ በስተ ሰሜን ካሉት አገሮች ጋር የሚገጥመውን ባቲንና አምባሰልን፥ ደግሞም አንቺ ሆዬን በጆሮ መለየት ይማሩ።

ድምፅን ማስማማት በቆላ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የዓለም ሙዚቀኞች የሚስማሙበት «ላ» የተባለው ድምፅ በአንድ ሰኮንድ 440 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ነው። ነገር ግን ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ቀስ ይላል፥ በሙቅ አየር ይፈጥናል፤ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሲሆን በሰኮንድ 340 ሜትር ያህል፥ 35 ዲግሪ ሲሆን 352 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ዋሽንትና ጥሩምባ በቀትር ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ የክራር የብረት ክር ግን በሙቀት ስለሚላላ ዝቅ ይላል። በማለዳ የተስማማው ጓድ በስድስት ሰዓት የተጣላ የሚመስለው ስለዚህ ነው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ጥሩምባው ቧንቧው ጥቂት ይሳብ፥ ክራሩ ይወጠር።

ስለ ምልክት ንባብ የዜማ ቤት ሰው እንደ መሆኔ አንድ ነገር ልናገር። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ቍርጥ የተባሉት ምልክቶች ከመምህር አፍ ዜማውን ለሰማ ሰው የሚያስታውሱ ናቸው፤ ላልሰማው ብቻቸውን አይበቁም። በአምስት መስመር ላይ የሚጻፈው ኖታ ግን ተማሪው ከቶ ያልሰማውን ዜማ ቁመቱንና ርዝመቱን ያሳየዋል። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ቃል በቃል ያጠና ጆሮ ይሰላል፤ ኖታ ያነበበ ደግሞ መምህር በሌለበት መንደር ከወረቀት ይማራል። ለገጠር ትምህርት ቤት ይህ ሁለተኛው ትልቅ ጥቅም ነው።

መምህሩ ትምህርቱ መግባቱን ለመመርመር ቢፈልግ፥ አምስቱ ልጆች ሸምበቋቸውን እየነፉ ሳሉ አንዱን በጥቅሻ ዝም ያሰኘው። ሌሎቹ የጐደለውን ድምፅ ስፍራ ባዶውን ጠብቀው በምታቸው ከቀጠሉ፥ ዝም ያለውም በምልክት ሲጠራ በትክክለኛው ስፍራ ተመልሶ ከገባ፥ ሌላ ዜማ ይጨመርላቸው። ተጣድፈው ክፍተቱን የዘጉት ግን ለአንድ ሳምንት ወደ ጭብጨባው ይመለሱ።